ልጄ የምትወስደው ስም

ልጄ ልታገባ ነው፤ የባሏንም ስም ልትወስድ ነው። እዚህ አገር የተለመደ ነው ይሉኛል። የተለመደ ስለሆነ ደስ ይበልህ የተባልኩ ይመስል! እናቷ ይህን ሁሉ ዘመን ከእኔ ጋር ስትኖር የአባቷን ስም ጥላ አታውቅም። ዜግነት ስንወስድ ስሟን መቀየር ትፈልግ እንደሆነ ቢጠይቋት፣ «አባቴ ምን አደረገኝ?» ብላ ነው የመለሰችው።

የእጮኛዋ ወላጆች ሊተዋወቁን ሲመጡ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ጋበዝናቸው። በወጉ ቢሆን ሽማግሌ ልከው «ልጃችሁን ለልጃችን» ማለት ነበረባቸው። ግድ የለም፣ አሜሪካ ነው ብዬ ዋጥኩት። የልጁ አባት ጡረታ የወጣ፣ ደግ የሚመስል ሰውዬ ነው። ምግቡ ሳይቀርብ ስለ ቤተሰቡ ስም ማውራት ጀመረ። ብርቅ የእንግሊዝ ስም ነው አለን፤ በመላው ኦሃዮ ከእነሱ ቤት ውጭ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው ገጥሞት አያውቅም። ድሮ በሰሜን እንግሊዝ መንደሮች፣ የሰው ማሳ የገባ ከብት እየያዘ በረት ውስጥ የሚዘጋ ሰው ነበር፤ ባለቤቱ ካልካሰ ከብቱ አይለቀቅም። ስማቸው የመጣው ከዚያ ሥራ ነው። ይህን ሲነግረን ፊቱ በኩራት በርቶ ነበር።

እኔ ደሜ ፈላ። ከብት አሳሪ! እኛ አገር እንዲህ ያለውን ሰው መንደሩ ይረግመዋል እንጂ ስሙን ለልጅ ልጅ አያወርስለትም። እኔ ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት፤ የእነሱን ያወጣችው የባዘነች ላም ናት።

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረና፣ «የእናንተስ የቤተሰብ ስም ምን ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

አፌን ሳልከፍት ልጄ ቀደመችኝ። «እሱ እንኳ የቤተሰብ ስም አይደለም፤ ጀስት የአያቴ ስም ነው» አለችው በእንግሊዝኛዋ።

ጀስት! አያቴ ልጆቿ ተከታትለው ሞተውባት፣ አባቴን ስትወልድ «ይሄኛው ሐዘኔን ያስረሳኛል» ብላ ነው ያንን ስም ያወጣችለት። አስረሳትም፤ እሱ አድጎ ቀበራት። ይህን ለከብት አሳሪ ዘር እንዴት አድርጌ ላስረዳ? ሚስቴ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። እንግዳ ፊት አትቆጣ ማለቷ ነው። ጥርሴን ነክሼ በላሁ።

ወደ ቤታችን ወደ ዌስተርቪል ስንመለስ መኪና ውስጥ ፈነዳሁ። «የአባቴን ስም ጥለሽ የከብት ዘበኛ ስም ልትሸከሚ?»

ልጄ ስትናደድ አማርኛው ይጠፋባታል። «አባዬ፣ ፕሊስ! ስሜ ውስጥ እኮ አንተ የለህም። ኔቨር! ታዲያ ያንተን ምኑን ነው ድሮፕ ያደረግኩት?»

በእኛ ወግ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው፤ አያት ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ልጄ ስትወለድ ግን ሆስፒታሉ ውስጥ ላስት ኔም ሲሉኝ የራሴን ላስት ኔም፣ ማለትም አባቴን፣ ሰጠኋቸው። ግማሹ ሐበሻ እዚህ የሠራው ስሕተት ነው። በስም ከሄድን ልጄ እህቴ ናት። ፖላሪስ የገበያ ማዕከል አጠገብ በምሠራበት መጋዘንም በድምፅ ማጉያ የሚጠሩት አባቴን ነው፤ ሰውዬው ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ ና ዕቃ አንሳ ይሉታል። ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ። ከገዛ ልጄ አፍ ስሰማው ግን አንጀቴ አረረ፤ እውነቷን ስለሆነ የባሰ አረረ።

ተኮራረፍን። ቤት ውስጥ በእናቷ በኩል ነበር የምንነጋገረው። አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ ወደ መኪናዬ ስሄድ ኮል አደረገችኝ።

«አባዬ፣ ዲሳይድ አድርጌያለሁ። ላስት ኔሜ የእሱ ይሆናል። መሐል ላይ ግን ያንተን ስም አስገባለሁ። ያንተን፣ የራስህን።»

«አያትሽስ?»

«ሁለታችሁንም ካስገባሁ ቱ ሎንግ ይሆናል። አንዳችሁን መምረጥ ነበረብኝ፤ አንተን መረጥኩ።»

መጮህ ነበረብኝ። እንግዳ ፊት ደሜ የፈላው፣ ከልጄ ጋር የተኳረፍኩት፣ ሁሉም ለአባቴ ስም ብዬ አልነበረም? ከመቃብር በላይ የቀረለት ስሙ ብቻ ነው። ቁጣው ግን እንቢ አለኝ። ደስ ብሎኛል። የገዛ አባቴ ከልጄ ስም ሲወርድ፣ እኔ የመኪናውን በር ይዤ እንደ ሕፃን ደስ ብሎኛል። በከብት አሳሪው እንኳ እንዲህ በራሴ እንደተናደድኩት አልተናደድኩም።

«አባዬ? አለህ?»

«አለሁ» አልኳት። «ጥሩ መርጠሻል።»