የካሴቱ ጅራት

ወንዳወቅ የፍኖተ ሰላም የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው። ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ከጅጋ እስከ ቡሬ፣ አንዳንዴም ሽንዲ ድረስ፣ ካሜራውን በትከሻው ይዞ ያልገባበት ዳስ የለም ማለት ይቻላል። ጥርና የካቲት ሲመጣ ቤቱ አያድርም፤ የሰርጉ ወቅት ሲያልፍ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ የቀረጸውን እየቆረጠና እየቀጠለ ለባለሰርጎቹ ያስረክባል። ብዙ አይናገርም። ሰው ሲጨፍርም ሲያለቅስም ፊቱ አይለዋወጥም። ሚስቱ ያምሮት «የራስህን ሰርግ እንኳ በካሜራ ዓይን ነው ያየኸው» ትለዋለች። እውነቷን ነው፤ የዚያን ቀን፣ ጓደኛው ካሜራውን በደንብ አልያዘውም ብሎ ሁለት ጊዜ ከሙሽራ ወንበር ተነስቶ ነበር።

በ2005 ለሱቁ አዲስ ኮምፒውተር ገዛና አሮጌውን ቤት አመጣው። አሮጌው ሲነሳ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል፤ ቪዲዮ ለመቁረጥም አቅሙ አልቋል። ያምሮት «ወይ ሽጠው ወይ ጣለው፣ ቤቱን አታጣብብብኝ» አለችው። ወንዳወቅ ግን ሌላ ነገር ያስብ ነበር። መቁረጥና መቀጠል ከባድ ሥራ ነው፤ ማስቀመጥና ሲጠሩት ማቅረብ ግን ያን ያህል አያደክምም። ባሕር ዳር ያለ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ በነጻ የሚታደል፣ ለደካማ ማሽን የሚስማማ ፕሮግራም በሲዲ ገልብጦ ሰጠው። ትልቅ ሃርድ ዲስክ ጨመረበት፤ ስክሪኑንና ኪቦርዱን ነቀለና ሣጥኑን ብቻ ጓዳ ውስጥ፣ አይጥ በማይደርስበት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። አቧራ እንዳይገባው የማራገቢያውን አፍ በስስ ሻሽ ሸፈነ። ከዚያ በኮርኒሱ ላይ ገመድ ስቦ ሳሎን ካለው ቴሌቪዥን ጋር በአንዲት ትንሽ መሣሪያ አገናኘው። ያለ ገመድ የሚያገናኝ ራውተርም ገጠመለት።

እንግዲህ ጓዳ የተቀመጠው ኮምፒውተር የያዘውን ሁሉ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ያሳያል። ስልክ ያለውም ኢንተርኔት ሳያስፈልገው እዚያው ቤት ውስጥ ሆኖ ይከፍተዋል። መጀመሪያ ለአማቱ መዝሙር፣ ለሴቶች ልጆቹ ካርቱን ጫነበት። ያምሮት ጩኸቱ ከጓዳ እንደማይወጣ ስታይ «ሽጠው» ማለቷን ተወች።

ቀጥሎ ዓይኑ ያረፈው ሱቁ ውስጥ በሦስት ካርቶን ታጭቀው በነበሩት የካሜራ ካሴቶች ላይ ነው። አንዳንዶቹ እርጥበት ገብቷቸው ሻግተዋል። አንድ ሰዓት የተቀረጸ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለመግባት አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ማቻኮል ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ ጠዋት ካሴቱን ያስጀምርና ወደ ሱቁ ይሄዳል፤ ለምሳ ሲመለስ አውጥቶ ሌላ ያስገባል። ካሴቱ ማንም ሳያየው እስከ መጨረሻው ሲዞር ይቆያል።

ወሬው የወጣው በጎረቤታቸው በሀብትነሽ ነው። የራሷን ሰርግ አይታ፣ የሞተው ወንድሟ ሲጨፍር አይታ፣ ስታለቅስም ስትስቅም ዋለች። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከሰዓት ሳሎኑ ሰው ይይዝ ጀመር።

በግንቦት 2006፣ በገበያ ቀን፣ አንድ ሽማግሌ የቤታቸው በራፍ ላይ ቆሙ። ጋቢያቸው የመንገድ አቧራ ጠጥቷል።

«ቪዲዮ ቀራጩ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ አባቴ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

ሽማግሌው አቶ አድማሴ ይባላሉ፤ ከሽንዲ አካባቢ የመጡ ገበሬ ናቸው። ከተቀመጡ በኋላም ዱላቸውን አልለቀቁም።

«በ96 ቡሬ ላይ የአቶ ዘሩን ልጅ ሰርግ አንስተሃል አሉ። ልጄ ከበሮ ትመታ ነበር። ምሕረት ትባላለች።»

ያምሮት «ትባላለች» ማለታቸውን ሰምታ «አሁን የት ናት?» አለች።

«በዓመቱ ወባ ወሰደብኝ። ፎቶ የላትም። አንድም የላትም።»

«ሙሽሪት ዘንድ ያለውን ቪዲዮ አይተውታል?» አለ ወንዳወቅ።

«አይቼዋለሁ። ከበሮው ይሰማል፤ እሷ ግን የለችም። ጀርባዋን ብቻ አሳይተህ ወደ ትልልቆቹ ሰዎች ዞረሃል።»

ወንዳወቅ አስታወሰ። ምሕረትን አይደለም ያስታወሰው፤ የሙሽሪትን እናት ነው። «ካሜራውን የክብር እንግዶቹ ላይ አድርግ፣ የከበሮውን ግርግር ቁረጠው» ብለውት ነበር፤ ቆረጠው። ካሴት ውድ ስለነበር ደግሞ፣ ያስረከበውን ሰርግ ካሴት ለሚቀጥለው ሰርግ ይጠቀምበት ነበር።

«አባቴ፣ አልዋሽዎትም» አለ። «ያ ካሴት ሌላ ሰርግ ተቀርጾበታል። በላዩ ላይ የቀረጽኩት እኔው ነኝ።»

አቶ አድማሴ ቴሌቪዥኑን አይተው ወደ እሱ ዞሩ። «እንዲህ ሰው በሰው ላይ እየጫንክ ስንቱን ቀበርክ?»

«ብዙ» አለ ወንዳወቅ።

ሽማግሌው የቀረበላቸውን ቀምሰው፣ የእህታቸውን ልጅ ስልክ ቁጥር ትተው፣ መኪና ሳያመልጣቸው ሄዱ።

ያ ሳምንት እንደ ሌላው ጊዜ አላለፈለትም። ሱቁ ሲሄድም ቤቱ ሲመለስም የሽማግሌው ጥያቄ አብሮት ነበር። በመጨረሻ ካርቶኖቹን ዘርግፎ የካሴቶቹን ሽፋን አንድ በአንድ ያይ ጀመር። በሦስተኛው ካርቶን ውስጥ «ቡሬ፣ የካቲት 96» የሚል ጽሑፍ ተሰርዞ ከላዩ «ጅጋ፣ ጥር 97» የተጻፈበት ካሴት አገኘ። የጅጋው ሰርግ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቷል። በቴሌቪዥኑ ከፈተው። የሙሽሮቹ መኪና አርባ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ሄደ፤ ያዩት ሰዎች ሁሉ የሚያጠፉት እዚህ ላይ ነው። ከታች የሚታየው ቁጥር ግን ስልሳ ሁለት ደቂቃ ይላል።

አላጠፋውም። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፤ መስመር መስመር ሠራ፤ ከዚያ ድንገት ቀን ሆነ። የጅጋው ሰርግ ስላጠረ ከካሴቱ መጨረሻ የቡሬው ሰርግ ተርፏል። ጋኖች በተደረደሩበት አጥር ጥግ ሴቶች ክብ ሠርተው ያጨበጭባሉ። መሐላቸው የደረሰች ልጅ ከበሮ በአንገቷ አንጠልጥላ በግራ እጇ አጥብቃ ትመታለች። ካሜራው ሲጠጋት ቀና ብላ «ዞር በል፣ አታደናግረኝ!» አለችና ሳቀች። ሦስት ደቂቃ ያህል ታየች። ለሰርጉ የማይፈለግ ስለነበር ያኔ ሥራ ፈትቶ የቀረጸው መሆን አለበት።

ያምሮት ከኋላው ቆማ ነበር። «የእኒያ ሰውዬ ልጅ ናት?»

«እንጃ፤ ግራኝ መሆኗን አልነገሩኝም። ይምጡና ይዩ» አለ።

አቶ አድማሴ ተደውሎላቸው በሚቀጥለው የገበያ ቀን መጡ። ወንዳወቅ ሰው እንዳይገባ በሩን ዘጋና ቪዲዮውን ከፈተላቸው። ሽማግሌው አላለቀሱም። ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣ አፋቸው ሳይታወቃቸው ተከፍቶ አዩ። ሲያልቅ «ድገመው» አሉ። ደገመው። በሦስተኛው «ያ ቀሚስ የእናቷ ነው። ተደብቃ ለብሳው ኖሯል» አሉና ሳቁ፤ ሳቃቸው መሐል ላይ ተቋረጠ።

ወንዳወቅ በሲዲ ሊገለብጥላቸው ጠየቃቸው። ቤታቸው መብራት እንዳልገባ፣ ማጫወቻም እንደሌላቸው ነገሩት። «ከዚህ ይቀመጥ፤ ለገበያ ስመጣ አያታለሁ።» ለሚስታቸው ለወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ግን ድምፁን ብቻ ለሬዲዮ በሚሆን ሜሞሪ ካርድ ጭኖ ሰጣቸው። ካርዱ በሳምንቱ ተመለሰ። ወይዘሮዋ አልሰማም ብለዋል፤ የሞተችውን በሣጥን ውስጥ ማስጮህ ነውር ነው ብለው ተቆጥተዋል።

እሳቸው ራሳቸው የመጡት በመስከረም ነው፤ ከባላቸው ጋር፣ ከገቡም በኋላ ነጠላቸውን እንዳጣፉ። ወንበሩን ከቴሌቪዥኑ አዙረው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አድርገው ተቀመጡ። ማንም እንዲዞሩ አልለመናቸውም። ወንዳወቅ ከፈተው።

ከበሮው ተሰማ፤ ከዚያ «ዞር በል» የሚለው ድምፅ። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ ማንቀሳቀስ ጀመሩ።

«ፈጥናለች» አሉ፤ «ሰው ሲያያት ትፈጥናለች። ቀስ በይ ብያት ነበር።»

«አትዞሪም?» አሉ አቶ አድማሴ።

«እንደገና አስጀምረው» አሉ ወይዘሮዋ ለወንዳወቅ፤ «ከመጀመሪያው»። ሲጀምር ዞሩ።

ወንዳወቅ ከዚያ ወዲያ በላዩ የተቀረጸበትን ካሴት ሁሉ እስከ ጥጉ ያያል። ብዙዎቹ መጨረሻቸው ባዶ ነው። አንዳንዱ ላይ ግን አንድ ደቂቃ ወይም ግማሽ ደቂቃ ይቀራል፤ ድስት የሚያወርዱ ሴቶች፣ አጥር ተደግፎ የቆመ ሰው፣ ስማቸውን ማንም ያልጻፈው ሰዎች። እነዚህን ኮምፒውተሩ ውስጥ ለብቻ በአንድ ማኅደር አስገብቶ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን ይጽፍባቸዋል። ያምሮት እየተቀመጠች የምታውቀውን ሰው ስም ትነግረዋለች። እስካሁን ከእነሱ አሥራ አንዱን አውቃለች።