ፀጉር አስተካካዩ የለመነው መድረክ

ፀጉር አስተካካዩ ሰባኪ ለመሆን አሥራ ስምንት ዓመት እግዚአብሔርን ለምኗል። እስከዚያው ደንበኞቹን ይሰብካል። ጎረቤቱ ጫማ ሰፊው፣ «አንተ ሰው፣ ጉሮሮዬ ላይ ምላጭ ይዘህ አሜን በል ስትለኝ ምን ምርጫ አለኝ?» ይሉታል።

በመጨረሻ የቤተ ክርስቲያኑ መጋቢ፣ «የፊታችን እሑድ መድረኩ ያንተ ነው» አሉት። ደስታው የሚይዘውን የሚጨብጠውን አሳጣው። ሚስቱ ግን ልብስ እያጣጠፈች፣ «ለመሆኑ እግዚአብሔርን ጠየቅከው ወይስ አዘዝከው?» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት ተንበረከከ። «ሕልሙ የኔ ብቻ ከሆነ ውሰደው» አለና፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም አለ። ደንበኞች ሲመጡም ዝምታው አልለቀቀውም።

ጫማ ሰፊው ፊታቸው በሙቅ ፎጣ እንደተሸፈነ፣ «ልጄ ካኮረፈኝ ሦስት ዓመቱ። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። በፀጉር አስተካካዩ ምላስ ጫፍ ላይ ጥቅስ መጣ፤ ዋጠው። ፎጣው ሲቀዘቅዝ ሌላ ቀየረላቸውና እስኪጨርሱ አዳመጠ። ሰውየው ይህን ሁሉ ጊዜ እዚሁ ወንበር ላይ ሲቀመጡ፣ ጭንቀታቸውን የሚናገሩበት ፋታ እንዳልሰጣቸው ያኔ ገባው።

ቅዳሜ መጋቢው ዘንድ ሄደ። «ጋሼ፣ መድረኩን ለሌላ ሰው ይስጡልኝ።»

«ምነው፣ ፈራህ እንዴ?»

«ኧረ አልፈራሁም። ሥራዬን አገኘሁት፤ እዚያው ሱቄ ውስጥ ነው።»

እሑድ ከሚስቱ ጎን ተቀምጦ የሌላ ሰው ስብከት ሰማ። በዚህ ጊዜ ግን በልቡ አንዲት ቃል እንኳ አላረመም።