ያልተነገረ መርዶ

ቂመኛ ነኝ፤ አልደብቅም። ንስሐ አባቴ "ልጄ፣ ይቅር በዪው" ባሉኝ ቁጥር "እሺ አባ" እያልኩ ስድስት ዓመት ሙሉ ይቅር ሳልለው ኖርኩ።

የከተማችን ኤፍ ኤም ሬዲዮ ደብረ ማርቆስ ላይ ሲከፈት ሦስት ነበርን፤ ሥራ አስኪያጁ፣ አንድ ቴክኒሻንና እኔ። ስቱዲዮው ከሆቴል ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ድምፅ እንዳያስተጋባ ብለን ግድግዳው ላይ ፍራሽ ቸነከርን፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ደግሞ ንግግር ትተን ሙዚቃ እንለቅ ነበር። የእኔ ሥራ ማስታወቂያ ማንበብ ነው፤ የጠፋ በሬ፣ የወደቀ መታወቂያ፣ ቀብር። ከደምበጫ እስከ ደጀን ሰው ሬዲዮውን የሚከፍተው ለዚያ እንጂ ለሥራ አስኪያጁ ቀልድ አልነበረም።

ለቀብር ማስታወቂያ አንድ ሕግ አወጣሁ። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይወረወርም፤ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ ቤት ድረስ ሄዶ፣ ባለሐዘኗን ግራና ቀኝ ይዞ ነው የሚነግራት። ስለዚህ ደብተሬ ላይ ከእያንዳንዱ የቀብር ማስታወቂያ ጎን "መርዶ ተነግሯል" የሚል ቦታ አሰመርኩ። ያጣራው ሰው እዚያ ሳይፈርም አላነብም። ሥራ አስኪያጁ "አንቺ ደግሞ ከቀበሌ ትብሻለሽ" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

አንድ ቀን አዲስ አበባ ስለሞተ ወጣት ማስታወቂያ መጣ። እናቱ አማኑኤል ከተማ ሱቅ ያላቸው ሴት ናቸው። የፊርማው ቦታ ባዶ ስለነበር አላነብም አልኩ። ስፖንሰራችን የሆነው የቢራ ድርጅት የሽልማት ፕሮግራም ሊጀምር አሥር ደቂቃ ቀርቶታል፤ ሥራ አስኪያጁ ተጣድፏል። "እኔ ራሴ ደውዬ አጣርቻለሁ፣ ዛሬ ጠዋት ተነግሯቸዋል" አለኝ። "እንግዲያው ፈርም" አልኩት። ፈረመ። አነበብኩ።

ለካ አልደወለም! እናትየው ለደንበኛ ጨው እየሰፈሩ፣ ሬዲዮው መደርደሪያው ላይ እንደተከፈተ፣ የልጃቸውን ሞት ከእኔ አፍ ሰሙ። የሚደግፋቸው ዘመድ አጠገባቸው ሳይኖር ባንኮኒው ሥር ወደቁ።

ማታ ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን በጨው አጥቦ "አንዲት ባልደረባችን ሳታጣራ በማንበቧ ይቅርታ እንጠይቃለን" ብሎ በሬዲዮ ተናገረ። ደብተሬን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ አባረረኝ። ለቅሶ ልደርስ አማኑኤል ብሄድ በሩ ላይ መለሱኝ፤ እናትየው ድምፄን ከውስጥ ሰምተው "ያቺ ናት! ያቺ ናት!" እያሉ ጮኹ። ገበያ ላይ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሰው ዞር ብሎ ያየኛል፤ ድምፄን ያውቁታላ! በኋላ በኋላማ ሱቅ ገብቼ የምፈልገውን በጣቴ ማሳየት ጀመርኩ።

አምና ጣቢያው ወደ ፎቅ ሲዛወር አሮጌ ወረቀቱን ጠራርጎ በኪሎ ሸጠ። ሥራ አስኪያጁ የቆለፈውን ደብተሬንም ረስቶታል። የሰፈራችን ባለሱቅ ሐጂ በርበሬ ሊጠቀልሉልኝ ከአንድ ደብተር ላይ ገጽ ሲገነጥሉ የእጅ ጽሑፌን አየሁት። "ሐጂ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አይገንጥሉት!" ብዬ ጮህኩ። ተቀብዬ አገላበጥኩት። ያቺ ገጽ አለች! የወጣቱ ማስታወቂያ አለ፣ ጎኑ ላይ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ አለ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ክሰሺው ያሉኝ ነበሩ፤ እኔ ግን ስሜን ያጠፋው በሬዲዮ ነውና በሬዲዮ ልከፍለው ቆረጥኩ።

ብዙም አልቆየ። የጣቢያው የምሥረታ በዓል ደረሰና ታሪኩን በቀጥታ ስርጭት እንዲተርኩ የመጀመሪያዎቹን ሠራተኞች ጠሩ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ደወለልኝ። "ያለፈው አልፏል፣ አንቺ እኮ የታሪካችን አካል ነሽ" አለኝ። "እመጣለሁ ጌታዬ" አልኩት፣ ድምፄን አለስልሼ።

በበዓሉ ቀን ማልጄ ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ አማኑኤል ሄድኩ። ባለሐዘኗ ቀድማ ሳትሰማ አላነብም ብያለሁ፣ አላነብም። ሽማግሌዎቹ እናትየውን አስቀምጠው ነገሯቸው፤ እኔም ገጹን ዘረጋሁላቸው። ፊርማውን በጣታቸው ዳሰሱት። "ድምፅሽን ስረግመው ኖሬ" አሉና አለቀሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያልተከፈተውን ሬዲዮ አውርደው አቧራውን በነጠላቸው ጠረጉ። "ሂጂ አንብቢው፤ እሰማሻለሁ" አሉኝ።

ስቱዲዮ ውስጥ ሥራ አስኪያጁ ግማሽ ሰዓት ሙሉ "እኔ መሠረትኩ፣ እኔ አቋቋምኩ" ሲል ጥርሴን ነክሼ አዳመጥኩት። ተራዬ ሲደርስ ደብተሩን አወጣሁ። በድሮው የማስታወቂያ ድምፄ፣ ሳልቸኩል፣ ቀኑንና ማስታወቂያውን አነበብኩ። ቀጥዬ "መርዶ ተነግሯል፣ አጣርቻለሁ ብሎ የፈረመው" ብዬ ስሙን ከነአባቱ ጠራሁ።

ፊቱ አመድ መሰለ። እጁን ወደ ማጥፊያው ሲሰድ ቴክኒሻኑ፣ ያ የጥንቱ ባልደረባችን፣ ክንዱን ያዘው።

"ምናለ አስቀድመሽ ብትነግሪኝ?" አለኝ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ።

"እሳቸውንስ ማን አስቀድሞ ነገራቸው?" አልኩት።

ማይክሮፎኑ ገና ክፍት ነበር።