ሚሳይል እስኪያባራ አይጠብቅም

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ጥቅምት ውስጥ ነበር፤ ጆሃንስበርግ ከሰዓት በኋላ ማጉረምረም የምትጀምርበት ወር። ከከተማዋ በስተሰሜን ባለች ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ አምቡላንስ ሄሊኮፕተሮችን የሚያሰማራ ድርጅት በአየር ጠባይ ትንበያ ባለሙያነት ቀጥሮኝ ነበር። አርባ ምንጭ ተምሬ ያገኘሁትን ዲግሪ፣ ሁለት እስክሪብቶና ምሳዬን ይዤ ገባሁ።

አለቃዬን ሁሉም "ኦም ዳኒ" ይሉታል። "ኦም" በአፍሪካንስ አጎት ማለት ነው፤ ትልቅ ሰው በባዶ ስሙ አይጠራም፣ በዚህ እኛን ይመስላሉ። በወጣትነቱ ውቅያኖስ ዳር ባለ የሚሳይል መሞከሪያ ሜዳ ፊኛ እየለቀቀ የላይኛውን ነፋስ ይለካ ነበር። አገሩ የኑክሌር ቦምቦቿን ፈታትታ ስትጥል እሱም ሥራ ቀየረ።

ወንበሬን ሳላሞቅ ጠየቀኝ። "ከአህጉር አህጉር የሚሄድ የኑክሌር ሚሳይል አለ እንበል። ማስወንጨፊያው ላይ ከባድ ነጎድጓድ ቆሟል። ይወነጨፋል ወይስ አይወነጨፍም?"

ትምህርቴ ገና ትኩስ ነበርና በኩራት መለስኩ። መብረቅ አለ፣ በረዶ አለ፣ ነፋሱ በየከፍታው አቅጣጫ ይቀያይራል፣ ስለዚህ አይወነጨፍም አልኩት። ተሳስተሻል አለኝ። ለምን ብዬ ብጠይቀው ፈልገሽ ድረሺበት ብሎ ሻዩን ሊያፈላ ሄደ። ተናደድኩ። እንቆቅልሽ ወርውሮ የሚሄድ ሰው ዛሬም ያናድደኛል።

ሥራው እንዲህ ነው። ጥሪ ሲመጣ ከአስተባባሪዋ የሚደርሰኝ መነሻ፣ መድረሻና ሰዓት ብቻ ነው። ራዳሩን፣ የመብረቅ ካርታውንና የየጣቢያውን የነፋስ ንባብ አያለሁ። ከዚያ ቅጹ ላይ "ይሄዳል" ወይም "አይሄድም" ብዬ እፈርማለሁ። "ይሄዳል" ብል አብራሪው እምቢ ማለት ይችላል። "አይሄድም" ካልኩ ግን ኦም ዳኒም ቢሆን አይሽረውም።

ሌላም ሕግ አለ። ታማሚው ማን እንደሆነ እኔም አብራሪውም አይነገረንም። ሕፃን ይሁን ሽማግሌ፣ እየሞተ ይሁን ወይም እጁ ብቻ ተሰብሮ፣ አናውቅም። መጀመሪያ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። ኦም ዳኒ ግን፣ ሕፃን ነው ከተባለ ደመናው ለሰው ስስ መስሎ ይታየዋል አለኝ።

እኔን ያስቸገረኝ ራዳሩ አልነበረም፤ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። እኛ ዘንድ ሽበት ላለው ሰው "አይሆንም" አይባልም፤ "እስቲ እናያለን" ይባላል። በሁለተኛው ወር አንድ አንጋፋ ካፒቴን ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፎ፣ ትንሽ ደመና ናት አይደል ልጄ አለኝ። ደመናዋ ትንሽ አልነበረችም። እኔ ግን "በጥንቃቄ ይሞከር" ብዬ ጻፍኩ። በቅጹ ላይ እንዲህ የሚል ምርጫ የለም።

ካፒቴኑ በረዶ መሃል ገብቶ ተመለሰ። የፊት መስታወቱ ተሰነጣጥቋል። ኦም ዳኒ ከመስታወቱ ስብርባሪ አንዱን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

"ያደረግሽው ትንበያ አይደለም፣ ጨዋነት ነው" አለኝ። "ጨዋነትሽን ለሻይ ሰዓት አቆዪው።"

መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስብርባሪውን ግን አልጣልኩትም።

በዚያ ክረምት፣ ማለትም እዚህ በጋ በሚሉት የነጎድጓድ ወቅት፣ የሚሳይሉን ነገር በእረፍት ሰዓቴ አነበብኩ። ኦም ዳኒንም ጨቀጨቅኩት። ሚሳይሉ የሚቀመጠው ከመሬት በታች ክዳን ባለው የኮንክሪት ጉድጓድ ወይም ባሕር ውስጥ በሰርጓጅ መርከብ ነው፤ ዝናብ አይነካውም። ሲወጣ የአየር ጠባይ ያለበትን የሰማይ ክፍል ወዲያው ሰንጥቆ ያልፋል። ነፋስ ትንሽ ይገፋዋል፣ እሱም መንገዱን ያርማል። መብረቅ ሊመታው ይችላል፤ ሠሪዎቹ ግን ይህንን አስበው ሽቦውን ሸፋፍነውታል። ሲወርድ የዝናብ ጠብታና የበረዶ ቅንጣት በዚያ ፍጥነት አፍንጫውን ይፍቀውና ከዒላማው ትንሽ ሊያስተው ይችላል።

"ለዚያ ጭነት ትንሽ መሳት ምን ያደርጋል?" አለኝ ኦም ዳኒ።

ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነበር። ለሙከራ ሲያስወነጭፉ ይጠብቃሉ። ካሜራው ማየት፣ መሣሪያው መለካት አለበትና ደመና ከመጣ ለነገ ያሳድሩታል። ኦም ዳኒ ራሱ ስንት ቀን ፊኛውን ለቆ "ዛሬ አይሆንም" ብሏል። ሰው የሚጭን ሮኬትም ይጠብቃል። ለጦርነት የተዘጋጀው ብቻ አይጠብቅም። ለምን እንደሆነ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሐጂ ነስሩ መናገር አለብኝ። የአባቴ አገር ሰው ናቸው፣ ስልጤ፤ ጆሃንስበርግ ውስጥ የጅምላ መደብር አላቸው። ስመጣ ከመደብሩ በላይ ያለችውን ክፍል ሰጡኝ። ወረቀት ላወጣ ስሰለፍ ሁለት ቀን አብረውኝ ቆመዋል። እናቴ ስልክ ስትደውል ከእኔ በፊት የምትጠይቀው ስለ ሐጂ ነበር። ትልቁ ልጃቸው ጀማል ከከተማው ደቡብ ርቆ ባለው፣ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር፣ ኦሬንጅ ፋርም፣ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ ነበረው።

ሥራ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ጥሪ መጣ፤ መድረሻ ኦሬንጅ ፋርም። ራዳሩን አየሁ። ከደቡብ ምዕራብ የመጣ የነጎድጓድ መስመር በእኛና በመድረሻው መሃል ተዘርግቷል። ከኋላው ሌላ መስመር ይከተለዋል። መሃሉ በረዶ እንዳለው ቀለሙ ይናገራል። "አይሄድም" ብዬ ፈረምኩ።

ጥቂት ቆይቶ የግል ስልኬ ጮኸ። ሐጂ ነበሩ።

"ሙኒራ ልጄ፣ ጀማል ነው። ዕቃ ያመጣው መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ከግድግዳው ጋር አጣብቆት እግሩ ተጨፍልቋል። ደም ወደ ታች አልወርድ ብሏል ይላሉ፣ ከቆየ እግሩ ይቆረጣል። ሄሊኮፕተር ብንጠራ አይሄድም አሉን። የምትፈቅጂው አንቺ ነሽ አይደል?"

"እኔ ነኝ ሐጂ።"

"እዚህ ኦሬንጅ ፋርም ወላሂ ፀሐይ ነው፣ አንድ ጠብታ የለም። ስለ እኔ ብለሽ ይሄዳል በይ።"

"ዝናቡ እናንተ ጋ አይደለም ሐጂ፤ መሃል ላይ ነው። በመኪና ይውጣ፣ አሁኑኑ።"

ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ተረኛው አብራሪ ካፒቴን ታቦ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ከፊቴ ተቀምጦ ነበር፤ አማርኛ ባይሰማም ፊቴን አነበበ። "ሲስ ሙኒራ፣ በምዕራብ ዞሬ ልሞክር እችላለሁ" አለኝ፤ "ሲስ" እህቴ ማለቱ ነው። የሚፈልገው አንድ "ምናልባት" ነበር። ኦም ዳኒም ነገሩ ገብቶት፣ የምታውቂው ሰው ከሆነ ቅጹን እኔ ልፈርምልሽ አለኝ። ቀድሜ ፈርሜያለሁ አልኩት።

ራዳሩን እንደገና ከመጀመሪያው አየሁት። እንደ ሐጂ ልጅ ሆኜ አየሁት፣ ቀዳዳ ፈለግሁ። ምዕራቡም ተዘግቷል። ስብርባሪው መስታወት ከስክሪኑ ሥር ነበር። ያን ጊዜ የኦም ዳኒ ጥያቄ መልስ ገባኝ። ሚሳይሉ ሰማዩን የማይጠብቀው ከታቦ ሄሊኮፕተር ስለሚጠነክር ብቻ አይደለም፤ ተመልሶ እንዲመጣ የሚፈልገው ሰው ስለሌለ ነው። ታቦን ግን ሁለት ሴት ልጆቹ ይጠብቁታል።

"አይሄድም" አልኩት። "ሻርፕ"፣ ማለትም እሺ፣ ብሎ ኮፍያውን መሬት አስቀመጠ።

ከዚያ የሆነውን ሳልሸፋፍን ልናገር። የመጀመሪያው መስመር ብዙም ሳይቆይ ተሰነጠቀ። ሰማዩ እንደ መስከረም ጠዋት ጠራ። ሁለተኛው መስመር ወዴት እንደሚሄድ ግን ገና አላወቅሁም ነበር። እርግጠኛ ሆኜ "ይሄዳል" ብዬ ስፈርም ጀማልን የያዘው መኪና መንገዱን አጋምሷል። አንድ ድልድይ በጎርፍ ተዘግቶ ስለነበር ዞሮ ሆስፒታል የደረሰው ዘግይቶ ነው። እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። የሁለተኛው መስመር በረዶ በመጨረሻ ምሥራቅ ሄዶ ዳቬይተን የሚባል ሰፈር ላይ ጣሪያ በሳ። ይህ እኔን አላጽናናኝም።

በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ሄድኩ። ሐጂ በር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሰላምታዬን ሳይመልሱ ፊታቸውን አዞሩ። ገባሁ። ጀማል ትራሱን ተደግፎ ነበር።

"ሄሊኮፕተሩን የከለከልሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ሰማዩ እኮ ጠርቶ ነበር።"

"አዎ፣ በኋላ ጠራ።"

"ዛሬ ያንኑ ደመና ብታዪስ?"

"አይሄድም እላለሁ።"

ብርድ ልብሱ ወደ ጎደለበት ቦታ ተመለከተ። ከዚያ ስንት ሰው ነበር የሚመጣው ብሎ ጠየቀኝ። አብራሪው፣ ነርሷና ረዳቷ፤ ሲመለሱ ከአንተ ጋር አራት አልኩት።

"አባቴን ለእኔ ተዪው" አለኝ።

ሐጂ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው አላናገሩኝም። በዒድ ቤታቸው ሄጄ ከሴቶቹ ጋር በልቼ ተመለስኩ። እናቴም በስልክ አለቀሰችብኝ። ከፋኝ፤ አልዋሽም፣ አገር ቤት ቢሆን ሽማግሌ እልክ ነበር። ፈረቃዬን ግን አንድም ቀን አልቀረሁም።

ከዚያ በሌላ ጥቅምት፣ አንድ ማለዳ ስልኬ ጮኸ። የሐጂ ድምፅ ነበር፤ ያለ ሰላምታ።

"ዕቃ የጫኑ ሦስት መኪኖች ወደ ኦሬንጅ ፋርም ሊወጡ ነው። ከሰዓት ይመለሳሉ። ይሄዳል?"

ራዳሩን ከፈትኩ። ጊዜ ወሰድኩ።

"ጠዋት ይሂዱ፣ ከሰዓት መመለስ ግን የለም። እዚያው ይደሩ።"

"እሺ" አሉና ዘጉ።

ለምን ብለው አልጠየቁም። ከዚያ ወዲህ በነጎድጓድ ወቅት በየማለዳው ይደውላሉ። አሁን የፈረቃ ሥራ ትቼ አዲስ ገቢዎችን አሠለጥናለሁ፤ እሳቸው ግን አሁንም የሚደውሉት ለእኔ ነው። አንዳንድ ቀን "አይሄድም" እላቸዋለሁ፣ ቀኑ ብራ ሆኖ ይውላል። በማግስቱም ይደውላሉ።

አዲሶቹን በመጀመሪያ ቀናቸው የኦም ዳኒን ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ መልሱን ግን እኔ አልደብቅም። ሚሳይል እስኪያባራ አይጠብቅም፣ የሚመለስ ሰው አልጫነምና። እኛ የምንልከው ሁሉ መመለስ አለበት። ስለዚህ ሰማዩን እናያለን፣ "አይሄድም" ከሆነ "አይሄድም" ብለን እንጽፋለን፣ ከሥሩም ስማችንን እንፈርማለን።