ሦስተኛው ፔዳል

ጋሽ ናፍጣ የሚል ስም የወጣላቸው በመኪናቸው ነው። ያቺ አሮጌ የናፍጣ መኪና ጠዋት ስትነሳ ሰፈሩን በጭስ ታጥነዋለች፤ እኛ ስንስል እሳቸው በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው “ለጉንፋን ጥሩ ነው” ይሉናል። መስታወት ቆራጭ ናቸው። የኔን ልብስ ስፌት ቤትና የሳቸውን ሱቅ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ስለሆነ፣ መቁረጫው መስታወቱ ላይ ሲሄድ ጥርሴን እየጠዘጠዘኝ ነው ያረጀሁት።

ግራ ጉልበታቸው አይታጠፍም። በወጣትነታቸው ከመሰላል ወድቀው ተሰበረ፣ ብረት ገባበት፣ ደርቆ ቀረ። ስለዚህ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ መቀየር ለሳቸው የማይታሰብ ነው። አውቶማቲክ መኪና ሲያገኙ ግን ዓለም ተከፈተላቸው። ቀኝ እግራቸው ነዳጁንም ፍሬኑንም ይዞ ይሠራል፣ ግራው ጥግ ላይ ተዘርግቶ ያርፋል። መስታወቱን ጣሪያው ላይ በእንጨት መደገፊያ አስረው፣ ደንበኛ ቤት ድረስ ራሳቸው አድርሰው፣ ራሳቸው ገጥመው ይመለሳሉ። የማንንም ፊት አያዩም። እኚህን ሰው ከመሪያቸው መለየት ከሥራቸውም ከኩራታቸውም መለየት እንደሆነ እኔ ባዳው አውቃለሁ። ቤተሰቡማ እንዴት አያውቅ!

አንድ ሰሞን መኪናዋ አመል አወጣች። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው ግን አልሄድ ይላል። መካኒኩ ደግሞ ሩቅ አልነበረም፤ ታናሽ ወንድማቸው ነው። አባታቸው ሲሞቱ ያሳደጉት እሳቸው፣ ጋራዥ የከፈቱለትም እሳቸው ናቸው። ከሥሯ ገብቶ ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣

“ማርሽ የሚቀይረው ካምቢዮ አልቆለታል ጋሼ” አለ። “መለዋወጫውም የለም። ለኔ ተዋትና በደንብ አድርጌ እሰጥሃለሁ።”

“እንደ ድሮዋ ትሆናለች?”

“አንተ ደግሞ! እኔን ትጠራጠራለህ?”

በሱ ምን ብለው ይጠራጠሩ። ናፍቋቸው ወደ ጋራዡ ሊሄዱ በተነሱ ቁጥር ሚስታቸው “ተረጋግቶ ይሥራበት፣ አትነዝንዘው” እያሉ ይመልሷቸው ነበር። እኔ እንኳ እንዴት ያለች አስተዋይ ሴት ናት እል ነበር፣ ሞኙ።

መኪናዋ አለቀች ሲባል እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ታጥባ ትብለጨለጫለች። ጋሽ ናፍጣ ፈገግ ብለው በሩን ከፈቱ፣ መሪውን ጨበጡ፣ ሊገቡ ሲሉ ቀጥ አሉ። ወደ ታች ያያሉ። በትከሻቸው ላይ አጮልቄ አየሁ። ሁለት የነበረው ፔዳል ሦስት ሆኗል። በወንበሮቹ መሃል ረዥም የማርሽ ዘንግ ተገትሯል።

ወንድምየው ይለፈልፋል። ከተገጨች ተመሳሳይ መኪና ላይ የማንዋል ካምቢዮ ከነፍሪሲዮኑ አውጥቷል፤ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ በልኩ አሠርቷል፤ አሮጌ ናፍጣ ኮምፒውተር ስለሌላት ነገሩ ቀልሎለታል። ሥራውስ አይነቀፍም፣ እጁ መቼም የተባረከ ነው።

“በየትኛው እግሬ ነው የምረግጠው?” አሉ ጋሽ ናፍጣ ቀስ ብለው።

“እኔ አለሁልህ አይደል እንዴ ጋሼ? ያሰኘህ ቦታ አደርስሃለሁ።”

እኔ ብሆን መፍቻ አንስቼ አሳድደው ነበር። እሳቸው ግን በሩን መልሰው ዘጉና “የወጣው ካምቢዮ የታለ?” ብቻ አሉ።

ወንድምየው የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደህና መካኒክ ያወጣውን ዕቃ አይጥልም፤ ሳይቀይር ቀየርኩ አለ እንዳይባል አሮጌውን ለባለቤቱ ያስረክባል። ልማድ ሆኖበት፣ ያን ጉድ ራሱ በጆንያ ጠቅልሎ ጥግ አስቀምጦላቸዋል። ሲጠየቅ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። “ምን ያደርግልሃል? ቁራጭ ብረት እኮ ነው” አለ። ጋሽ ናፍጣ ጋሪ አስጠሩ።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ብቻ ወደሚሠራ ባለሙያ ወሰድነው። ፈቶ አገላበጠው።

“ይሄን ለምን አወረዳችሁት?” አለ። “ውስጡ ጤነኛ ነው። ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ ደርቆ አፍስሷል። ዘይት ሲያንሰው ደግሞ መንሸራተቱ አይቀርም።”

“መካኒክ ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል?” አሉ ጋሽ ናፍጣ። ድምፃቸው የልመና ነበር።

“መካኒክ ከሆነማ ተንበርክኮ ሲያይ ይገባዋል።”

ካምቢዮውን መልሰን ጋሪው ላይ ጫንነው። አንጀቴን በሉት። ለተከዳ ሰው ምን ይባላል?

በማግስቱ ሚስትም ወንድምም ሱቁ መጡ። መኪናዬን አቆምኩ፣ የስፌቱን ማለቴ ነው። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ መለጠፍ አላስፈለገኝም።

“ያን ዕለት ስትነዳ ከግንብ ጋር ካጋጨኸን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም” አሉ ሚስታቸው እያለቀሱ። “ላንተው ብለን ነው።”

“እነማን ሆናችሁ?”

“እኔና እሱ ነን የመከርነው። ልጆቹም ያውቃሉ።”

“እሺ። ‘አትነዝንዘው’ ስትዪኝ የነበረው ለዚህ ነዋ።”

“ብንነግርህ በጄ አትልም ነበር ጋሼ” አለ ወንድምየው።

“ነግራችሁኝ ታውቃላችሁ?”

ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

“ያን ግንብ አላየሁትም” አሉ ጋሽ ናፍጣ። “ዓይኔ ደክሟል። ከዚያን ቀን ጀምሮ መሪ በጨበጥኩ ቁጥር እፈራለሁ። አንዳችሁ ‘ይብቃህ’ ብትሉኝ ቁልፉን በገዛ እጄ እሰጥ ነበር። የምሰጠውም ላንተ ነበር። እናንተ ግን እንደ ሌባ ዞራችሁ፣ በማይታጠፈው እግሬ መጣችሁብኝ።”

ወንድምየው “እመልሰዋለሁ ጋሼ፣ ዛሬውኑ ፈትቼ እመልሰዋለሁ” አለ።

“ካምቢዮውንማ መመለስ ትችላለህ” አሉና እንዲወጡ በሩን ከፈቱላቸው።