የተቋጠረው አንሶላ

ነርሷ የአሥራ አንደኛውን አልጋ አንሶላ ገፈፈችና ወደ ቆሻሻ ልብስ ከረጢቱ ከመክተቷ በፊት ግራ ቀኝ አይታ ጫፉን ቋጠረችው። ከአሥራ ሁለተኛው አልጋ አጠገብ ወንድሙን ሊያስታምም የተቀመጠው፣ ይህን የሚጽፈው ሰው፣ ምን ማለት እንደሆነ ቢጠይቃት፣ «ለአጣቢዋ ነው፤ እንድትለየው ብዬ» አለችው።

አጣቢዋ የምትሠራው ምድር ቤት ባለው የሆስፒታሉ እጥበት ክፍል ነው። አሥራ አንደኛው አልጋ ላይ ከተኛው አናጢ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራ ኖራለች። ጨርቄን ማቄን ሳይል መጋዙን ብቻ ይዞ ቤቷ የገባ ዕለት፣ «ጣሪያውን ልጠግንና እንጋባለን» ብሏት ነበር። ጣሪያው ተጠገነ። ከዚያ በሩ መጣ፤ ከዚያ መስኮቱ። ኋላማ፣ «አንቺዬ፣ ለእኔና ለአንቺ ወረቀት ምን ያደርግልናል?» ይላት ጀመር። ባልደረቦቿ፣ «ሙሽሪት፣ ጥርስሽ ሳይረግፍ አግቢ እንጂ!» እያሉ ሲቀልዱባት አብራቸው ትስቅ ነበር። ምን ጎደላትና?

የጎደላትን ያወቀችው እሱ አንደበቱ ተይዞ ሲወድቅ ነው። አሥር ዓመት ደጃቸውን ያልረገጠች እኅቱ መጥታ የሆስፒታሉ መዝገብ ላይ እንደ ቤተሰብ ፈረመች። አጣቢዋን ከክፍሉ በር ላይ አስቆመቻት።

«ሚስቱ ነሽ? እስቲ ወረቀትሽ የታለ?»

ዘበኛውም እንዳያስገባት ታዘዘ። ሐኪሙ፣ «የምንናገረው ለቤተሰብ ብቻ ነው» አላት።

ስለዚህ ሕመሙን ከአንሶላው ታነባለች። ላብ ሲበዛበት ትኩሳቱ እንዳልለቀቀው ታውቃለች። የሾርባ ጠብታ ያየች ቀን፣ መዋጥ ቻለ ብላ ገንዳው ላይ ተደፍታ አምላኳን አመሰገነች። ከአራት ቀን ወዲህ ግን ጠብታ የለም። ትናንት ደግሞ ጀርባው ከሚያርፍበት ላይ ደም ነበረበት።

ዛሬ የአሥራ ሁለተኛው አልጋ አስታማሚ ወደ እጥበት ክፍሉ ወረደ። ነርሷ ስለ ቋጠሮው የነገረችውን ነገራት። «እንዴት ነው?» ብላ አልጠየቀችውም። የመተኮሻው ሙቀት ያልለቀቀው አንሶላ አጥፋ በሁለት እጇ ሰጠችው።

«ጋሼ፣ አፈር ስሆን፣ ይችን ለራሱ አልጋ ያድርሱልኝ። ሲያነጥፉለት ጠጋ ይበሉና፣ ሚስትህ ናት ያጠበችው ይበሉት።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

እሺ ብሏት ደረጃውን ሲጀምር ከኋላው ተጣራች።

«በቀኙ በኩል ይዙሩ፣ ጋሼ። የግራ ጆሮው አይሰማም።»