ከነገ የሚጀምሩት ማመልከቻ ጸሐፊ

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር ስመጣ አውቶቡሱ ውስጥ ፊልም ተከፍቶ ነበር። ገና ወረታ ሳንደርስ ዋናው ሰውዬ ሞተ። ወዲያው «ከሦስት ዓመት በፊት» የሚል ጽሑፍ መጣና ሟቹ ቁጭ ብሎ ሻይ መጠጣት ጀመረ። «ወይ ጋሼ ወርቁ!» ስል አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ዞር ብላ አየችኝ።

ጋሼ ወርቁ በልጅነቴ ደብረ ታቦር ፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ ዝናብ በሚያፈስ ሸራ ተጠልለው በታይፕ ማመልከቻ የሚጽፉ ሽማግሌ ነበሩ። ጣቶቻቸው በካርቦን ወረቀት ጠቁረው ነው የማውቃቸው። እናቴ እኔን አስከትላ እሳቸው ዘንድ የሄደችው አባቴ በሞተ በአምስተኛው ዓመት ነው። አጎቴ ድንበር ገፍቶ የገብስ ማሳችንን እኩሌታ አርሶብን ነበር። ከዚያ ማሳ በቀር የምንበላበት አልነበረንም።

ማመልከቻ ማለት ማን፣ መቼ፣ ምን አደረገ ነው፤ በቃ። ጋሼ ወርቁ ግን ከነገ ጀመሩ። እናቴን አስረጅተው፣ እኔን ሰው ቤት አስቀጥረው ውኃ አስቀዱኝ። ከዚያ ወደ ቅድመ አያቴ ተመልሰው ጫካ አስመነጠሯቸው። አባቴን አሳደጉት፣ ዳሩት፣ ቀበሩት፤ ደግሞ ከመቃብር አውጥተው ማሳው ላይ አዋሉት። ሁለት ገጽ ሲያልቅ አጎቴ ገና ድንበሩ ጋ አልደረሰም!

ዳኛው አንብበው «ታዲያ ምን ተበደልሽ?» ብለው መለሷት።

«ጋሼ፣ በእመቤታችን ይዤዎታለሁ፣ ድንበሩ የተገፋበትን ቀን ብቻ ይጻፉልኝ» አለቻቸው እናቴ ተመልሳ።

«እታለም፣ ከዚያ ከጀመርን ዳኛው ባልሽን በምን ያውቁታል?»

«ባሌን ምን ያደርጉታል? ተነሥቶ አይመሰክርልኝ!»

ሁለተኛውም ያው ሆነና ተመለሰ። ሦስተኛውን ሌላ ጸሐፊ በአምስት መስመር ጨረሰላት። ምን ዋጋ አለው፣ እስከዚያ አጎቴ መሬቱን በስሙ አስመዝግቦ ደብተር አውጥቶበታል። እኔም ጋሼ ወርቁ እንዳሟረቱብኝ ሰው ቤት ተቀጠርኩ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

የዚያ የመጀመሪያው ማመልከቻ ቅጂ አሁን እኔ ዘንድ ነው። አባቴ የሞተው ነፍስ ሳላውቅ ነው፤ ፎቶም ተነሥቶ አያውቅም፤ እናቴም ስሙ ሲነሣ እንባዋ ስለሚቀድማት አልጠይቃትም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን፣ ከተቀበረ በኋላ፣ ሕፃን ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ በገብሱ ዳር ይሄዳል። ልጅቱ ጆሮውን ትጎትተዋለች፤ እሱ ይሥቃል። ለዳኛ ምንም የማይረባ ነገር ነው። እኔ አባቴን ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።